የሰው ዕቃ በእጃችን ሲያልፍ



ያገለገለ ዕቃን መልሶ መሸጥ ለሀገራችን ሰው እንግዳ ሥራ አይደለም። በአዲስ አበባ መንደሮች «ቆራሌው!» እያለ ጆንያውን በትከሻው አንግቦ የሚዞረው ወጣት፣ ባልዲና ሳህን ተሸክሞ በአሮጌ ልብስና ጫማ የሚለውጠው ልዋጭ፣ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ሌላው የጣለውን ብረታ ብረት አቃንቶ ለሌላ አገልግሎት የሚያበቃው ባለሙያ፣ ሁሉም በዚሁ ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ናቸው። በየገበያው ጥግ ተከምሮ የሚሸጠውን ልባሽ ጨርቅም «ሰልባጅ» ብለን ስም ካወጣንለት ብዙ ዘመን አልፏል። አዲሱ ነገር ዕቃው አይደለም። አዲሱ ነገር ገበያው ከአደባባይ ተነስቶ በእጅ ስልክ ውስጥ መግባቱ ነው።

እኛም ባልና ሚስት ሆነን ከመደበኛ ኑሯችን ጎን ለጎን ይህንኑ ሥራ እንሠራለን። የምንኖረው በወላይታ ዞን፣ ከአረካ ከተማ ብዙም በማትርቀው በዱቦ ነው። ዱቦ በቅድስት ማርያም ሆስፒታሏ የምትታወቅ፣ ቤቶቿን እንሰት የከበባቸው ሰላማዊ ስፍራ ናት። ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው፤ ከጎረቤቶቻችን ጋር ግን በለቅሶውም በደስታውም አንለያይም። አንዳችን ደመወዝተኛ ስንሆን ሌላችን ቤትና ልጆች እንይዛለን። ማታ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ያገለገሉ ዕቃዎችን እያጸዳን፣ ፎቶ እያነሳን በቴሌግራም እናወጣለን። ገዢው ከአረካ፣ ከሶዶ፣ አንዳንዴም ከሀዋሳ ይደውላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ ሥራ እንዴት መክበር እንደሚቻል ለመንገር አይደለም። እንዲህ ያለ ትርፍም አላየንበትም። ለማንሳት የፈለግነው፣ በአሮጌ ዕቃ ንግድ ውስጥ ነጋዴው በሁለት ሰዎች መካከል የሚቆም መሆኑን ነው። ከኋላው ዕቃውን የሚሸጥለት ሰው አለ፤ ብዙውን ጊዜ ቸግሮት የመጣ ነው። ከፊቱ ደግሞ ዕቃውን የሚገዛው ሰው አለ፤ ገንዘቡን የሚሰጠው ዕቃውን በእጁ ሳይነካ ነው። አንዱ ችግሩ፣ ሌላው አለማየቱ ደካማ ያደርገዋል። ትርፍ የሚገኘውም ከእነዚሁ ሁለት ድክመቶች መካከል ነው። እንግዲህ ከዚህ ውስጥ ሐላሉ የቱ ነው? ይህ ጥያቄ በቤታችን ብዙ ምሽት አነጋግሮናል።

ዕቃው ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምንጭ ዝውውር ነው። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የባንክ ሠራተኛው ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወሩ ቁም ሳጥኑን፣ ሶፋውን፣ ፍራሹን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ጭኖ ከመሄድ ሸጦ መሄድ ይቀላቸዋል። ሁለተኛው ምንጭ የልጆች ማደግ ነው። የሕፃን አልጋ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ደብል ያደረገው የዩኒፎርም ሹራብ ሳያልቅ ባለቤቱ ያድግበታል። ሦስተኛው ምንጭ ችግር ነው። ስለ እርሱ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ፈላጊው እንዲበዛ ያደረገ ምክንያትም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን የምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቅ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚገባው ካውያ፣ ፔርሙዝ፣ ስልክና ማቀዝቀዣ ዋጋው አብሮ ናረ። ቀድሞ አዲስ ዕቃ ይገዛ የነበረው ደመወዝተኛ ዛሬ «ያገለገለ ካለ ንገሩኝ» ይላል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ደግሞ ገንዘቡ ከሶዶ ዱቦ በደቂቃ እንዲደርስ አድርጓል። ዕቃውም በሚኒባስ ረዳት እጅ፣ ከመናኸሪያ ወዲያ በባጃጅ ይሄዳል።

ዕቃ ስንቀበል የማናልፈው አንድ ነገር አለ። ሻጩ የዕቃው ባለቤት መሆኑን እናረጋግጣለን። በተለይ ስልክ ከሆነ ካርቶኑን ወይም ደረሰኙን፣ ሁለቱም ከሌሉ የሚያውቀውን ምስክርና መታወቂያውን እንጠይቃለን። የተሰረቀን ዕቃ እያወቁ መግዛት በሸሪዓ የስርቆቱ ተካፋይ መሆን ነው፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግም ያስቀጣል። «ምን አገባኝ፣ እኔ ከፍዬ ነው የገዛሁት» ማለት ከሁለቱም አያድንም።

ሶዶ ሩቅ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ዛሬ ነው

በእኛ አካባቢ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያሉት ወራት ከባዶቹ ናቸው። ያለፈው እህል ያልቃል፣ አዲሱ አይደርስም። በእነዚህ ወራት ሻጭ ይበዛል፣ ገዢ ያንሳል። በአንጻሩ ከነሐሴ አንስቶ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ ቀጥሎም የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታና መስቀል ሲቃረቡ ገዢ ይበዛል። እናት ድስትና ሳህን ትፈልጋለች፣ አባት ለልጆቹ ልብስ ይፈልጋል። ስለዚህ በሒሳብ ብቻ ለሚያስብ ነጋዴ ምክሩ ግልጽ ነው፦ በግንቦት በርካሽ ገዝተህ በመስከረም በውድ ሽጥ። ልብ በሉ! ይህ ማለት ትርፋችን ከፍተኛ የሚሆነው ጎረቤታችን ከሁሉ በላይ በተቸገረበት ወር ነው ማለት ነው።

በአንዱ ግንቦት አንዲት ባሏ የሞተባት እናት የልብስ ስፌት መኪናዋን በልጇ አሸክማ ወደ ቤታችን መጣች። መኪናው የቆየ ሲንጀር ነው፤ እንጨቱ ቢላጥም ብረቱ ጤነኛ ነበር። ታናሽ ልጇ ታሞ ተኝቷል።

«ልጆቼ፣ 4,000 ብር ብቻ ስጡኝና ውሰዱት» አለች።

«እናቴ፣ ይህ መኪና እኮ ሶዶ ላይ ከዚህ በእጥፍ ይሸጣል» አልናት።

«ሶዶ ሩቅ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ዛሬ ነው» አለችን።

እውነቷን ነበር። በዚያ ሳምንት የልጆቻችን የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶብን ስለነበር 4,000 ብሯን ሰጥተን መኪናውን ብናስቀር ክፍያውን ሸፍኖ የሚተርፍ ገንዘብ እናገኝ ነበር። ዋጋውን የጠራችው ራሷ ናት፤ ያታለላት የለም። ነገር ግን ሊቃውንት ስለ ተቸገረ ሰው ሽያጭ ሲናገሩ፣ ችግር አንገቱን ይዞት የሚሸጥን ሰው አጋጣሚውን ተጠቅሞ ከዋጋው በእጅጉ አሳንሶ መግዛትን ይነቅፋሉ። እንዲህ ያለው ሰው መበደር ወይም መረዳት እንጂ መበዝበዝ አይገባውም ይላሉ። ፈቃድ የሚባለው ሌላ ምርጫ ሲኖር ነውና።

ስለዚህ 4,000 ብሩን በብድር ሰጠናትና መኪናውን በእርሷ ስም አወጣነው። በስድስተኛው ቀን የሶዶ ልብስ ሰፊ በ8,500 ብር ገዛው። ብድራችንን አንስተን 4,500 ብር ጨምረን ሰጠናት። ሌላ ጊዜ የሰውን ዕቃ ስንሸጥ የምንወስደውን ኮሚሽን ከእርሷ አልወሰድንም። ምክንያቱም ብድር ሰጥቶ በዚያው ላይ ጥቅም የሚያስገኝ ውል ማሰር ወደ አራጣ የሚወስድ በር መሆኑን ዑለማዎች ያስተምራሉ። የትምህርት ቤቱን ክፍያ በሁለት ጊዜ ከፈልን።

ይህን ያነሳነው ራሳችንን ለማመስገን አይደለም። በዚህ ሁኔታ ዘወትር ከሠራን ሥራው ይቆማል፤ ሥራው ከቆመ ደግሞ ለሚቀጥለው ችግረኛ የምናበድረው አይኖረንም። ንግድ ትርፍ ሊኖረው ይገባል፤ አላህም (ሱ.ወ.) ሽያጭን ፈቅዷል፣ አራጣን ከልክሏል። ነገሩ ትርፉን ከማን ላይ እንደምንወስድ መለየት ነው። ከዚያ ወዲህ የምንከተለው ደንብ አጭር ነው። ሊሸጥልን ለሚመጣ ሰው ሁሉ ዕቃው ከተማ ላይ ስንት እንደሚያወጣ አስቀድመን እንነግረዋለን። ከዚያ በኋላ ሁለት ምርጫ እንሰጠዋለን፤ ወይ ዛሬውኑ በቅናሽ እንገዛዋለን፣ ወይም እኛ ዘንድ አስቀምጦ ሲሸጥ ከመቶ 10 ኮሚሽን ይከፍለናል። የሚዛወረው ደመወዝተኛ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ተደራድረን በደስታ እንገዛዋለን። የቸገረው ግን ዋጋውን ሲያውቅ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ይመርጣል።

እርጥቡን ከላይ ማድረግ

አሁን ወደ ገዢው እንምጣ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ በተከመረ እህል ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ፣ ዝናብ እንደመታው የገለጸውን ባለቤት እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ማድረግ እንደነበረበት ማሳወቃቸውና አታላይን ከእርሳቸው ወገን አለመቁጠራቸው የታወቀ ነው። በስልክ የሚሸጥ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚቀርበው ትምህርት የለም። ፎቶ ማለት የእህሉ ክምር የላይኛው ክፍል ነውና። የሶፋው ስንጥቅ ወደ ግድግዳ ሊዞር ይችላል፣ የስልኩ ባትሪ መድከም በፎቶ አይታይም፣ የብርድ ልብሱ ሽታ በቴሌግራም አይሄድም።

እኛ ፎቶ ስንለጥፍ የመጀመሪያው ፎቶ የዕቃው ጉድለት ነው። የተቀደደው፣ የዛገው፣ የተሰነጠቀው መጀመሪያ ይታያል፤ ሙሉ ዕቃው ቀጥሎ ይመጣል። ከሥሩ በግልጽ እንጽፋለን፦ «ምድጃው ሁለት ዓይን ነው፤ የሚሠራው ግን አንዱ ብቻ ነው»። እርግጥ ነው፣ በዚህ ምክንያት ገና በመጀመሪያው ፎቶ ትቶን የሚሄድ ገዢ አለ። የሚቀረው ግን ዕቃው ሲደርሰው አይጣላንም። በሁለተኛው ግዢው ላይም ብዙ አይከራከርም።

በፊቅህ ገዢ ሳይነገረው የቆየ ጉድለት ያገኘበትን ዕቃ የመመለስ መብት አለው። በሐነፊዮች ዘንድ ደግሞ ዕቃውን ሳያይ የገዛ ሰው ባየው ጊዜ ሽያጩን የማጽደቅ ወይም የመተው ምርጫ ይኖረዋል። ስለዚህ ከገዢዎቻችን ጋር ያለን ስምምነት እንዲህ ነው፦ ዕቃው ሲደርስ ረዳቱ ፊት ይከፈት፤ እንደተነገረው ካልሆነ በዚያው መኪና ይመለስ፤ የመመለሻው የጭነት ዋጋ በእኛ ነው።

ጥንቃቄው ለሻጭም ያስፈልጋል። «ከፍያለሁ» ብሎ የተቀነባበረ የክፍያ ፎቶ የሚልክ ሰው ገጥሞናል። በእኛ በኩል የገንዘብ መግቢያው መልእክት በራሳችን ስልክ ሳይደርስና ሒሳባችን ላይ ሳናየው ዕቃ ከቤት አይወጣም። በዚህ የሚቀየም ቅን ሰው አላጋጠመንም።

የሌለንን አለመሸጥ

በስልክ ገበያ የተስፋፋ አንድ ልማድ አለ። ሰዎች የሌላ ሰው ዕቃ ፎቶ ያነሳሉ፣ ዋጋ ጨምረው የራሳቸው አስመስለው ይለጥፋሉ፣ ገዢ ገንዘብ ሲልክላቸው ሄደው ገዝተው ያስረክባሉ። ካፒታል የማይጠይቅ በመሆኑ ብዙ ወጣቶች ይወዱታል። ሐኪም ኢብን ሒዛም የተባሉት ሰሐባ ገዢ መጥቶ እጃቸው የሌለ ዕቃ ሲፈልግ ሸጠውለት ከዚያ ከገበያ ገዝተው ስለመስጠት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በጠየቁ ጊዜ፣ የተሰጣቸው መልስ እጃቸው የሌለውን እንዳይሸጡ የሚከለክል ነበር። ጥበቡም ሩቅ አይደለም። ዕቃው በመካከል ለሌላ ቢሸጥ፣ ዋጋው ቢጨምር ወይም ባለቤቱ ሐሳቡን ቢቀይር ገንዘቡን የላከው ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል።

መውጫው አስቸጋሪ አይደለም። አንድም ዕቃውን መጀመሪያ ገዝቶ መረከብ ነው። አሊያም ደላላነትን በይፋ መናገር ነው፦ «ዕቃው የእገሌ ነው፣ እኛ አሻሻጭ ነን፣ ኮሚሽናችን ይህን ያህል ነው»። ደላላነት የታወቀ ሥራ ነው፤ ነውር የሚሆነው ሲደበቅ ነው። በቀብድም ጉዳይ ቢሆን ዑለማዎች ይለያያሉ። ገዢው ከተወው ቀብዱ ለሻጭ ይቀራል የሚለውን አብዛኞቹ አይፈቅዱም፤ ኢማም አሕመድ ግን ይፈቅዳሉ። እኛ ከልዩነቱ ለመውጣት የቀረ ገዢን ቀብድ እንመልሳለን።

የቦንዳው ጉዳይ

«ለምን ቦንዳ አታመጡም?» የሚለን ሰው ብዙ ነው። ልብስ ከሁሉም ዕቃ ፈጥኖ ይሸጣል፤ ቦንዳ ከፍቶ ቁራጩን በስልክ የሚሸጥ ሰው የእኛን የወር ትርፍ በሳምንት ያገኛል። ሆኖም ልባሽ ጨርቅን ለንግድ ከውጭ ማስገባት በሀገራችን የተከለከለ ነው። ሀገር ውስጥ የሚዞረው ቦንዳ ብዙው በድንበር በኩል በኮንትሮባንድ የሚገባ ሲሆን ጉምሩክ በየጊዜው ይወርሰዋል። የክልከላው ዋና ምክንያት የሀገር ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ሥራን ከርካሽ ልባሽ መጠበቅ ነው።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሀገሮች እ.ኤ.አ. በ2016 ልባሽ ጨርቅን ደረጃ በደረጃ ለማስቀረት ተስማምተው ነበር። ሩዋንዳ በአቋሟ በመጽናቷ እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ትሰጣት የነበረውን የልብስ ገበያ አገደችባት። በጋና አክራ ደግሞ ካንታማንቶ የተባለው ታላቅ የልባሽ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2025 መግቢያ በእሳት ሲወድም በሺህ የሚቆጠሩ ነጋዴዎች ሱቃቸውን አጥተዋል። ልባሹን የሚጠላም የሚኖርበትም አለ።

በእኛ ቤት የተወሰነው ግን ቀላል ነው። በሌሊት የሚገባ፣ በየኬላው የሚደበቅ፣ ቢወረስ አቤት የማይባልበት ዕቃ ለልጆቻችን ቀለብ መሠረት አይሆንም። ውሳኔው ገቢያችንን እንደሚቀንስ እያወቅን ነው የወሰነው። በቦንዳ የሚተዳደረውን ድሃ ግን አንኮንንም፤ ሁሉም የራሱን ሒሳብ ከጌታው ጋር ያውቃል።

አንድ ጥንድ ጫማ

ከሁሉም ዕቃ በላይ የምንደሰትበት ጫማ ስንሸጥ ነው። ምክንያቱን የወላይታ ሰው ያውቀዋል። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት በመሄድ የሚመጣው፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር እብጠት በዞናችን ብዙ ሰው አሰቃይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው በበሽታው መያዙን አሳይቷል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሆኖም ሕመምተኛው ከሰው ይገለላል፣ ትዳርም ይከለከላል። መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው።

ስለዚህ በሶዶና በአረካ ካሉ ቤተሰቦች ልጆች ያደጉበትን ጫማ እንሰበስባለን። አጥበን ፀሐይ ላይ እናደርቀዋለን፤ ጫማ ሰፊው ሶሉን ይሰፋዋል፤ ከዚያ በወጪውና በጥቂት ትርፍ እንሸጠዋለን። አንዲት ጎረቤታችን አራት ልጆቿን በአንድ ቀን ጫማ አልብሳ ስትሄድ ከቁም ሳጥን ሽያጭ ያላገኘነውን ደስታ አግኝተናል። አሮጌ ዕቃ ብለን የምንንቀው ነገር ለአንድ ልጅ እግር ጤና ሊሆን ይችላል።

ሒሳብ መያዝ

በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ሒሳቡ በቀላሉ ከቤት ወጪ ጋር ይቀላቀላል። እኛ አንድ ደብተር ይዘናል፤ የተገዛበት፣ የጥገናው፣ የጭነቱ፣ የተሸጠበት ዋጋ ይጻፍበታል። የሌላ ሰው ዕቃ በተለየ ገጽ ይሰፍራል፤ አደራ ነውና። ሥራው ከትርፍ ጊዜ አልፎ መተዳደሪያ የሚሆንለት ሰው የንግድ ፈቃዱንና ግብሩን አስቀድሞ የወረዳውን ንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ቢያስተካክል ይበጀዋል።

ዘካም አይረሳ። ለሽያጭ የተቀመጠ ዕቃ በዓመቱ መጨረሻ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ይተመናል፣ ከጥሬ ገንዘቡ ጋር ይደመራል፤ ድምሩ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ከሞላና የሂጅራ ዓመት ከዞረበት ከመቶ 2.5 ይወጣል። መደርደሪያውና የምንሠራበት ስልክ አይቆጠሩም። በአደራ ያለ የሰው ዕቃም የእኛ ሀብት አይደለም። የእኛ ክምችት እስከ ዛሬ ከኒሳቡ በታች ነው፤ ቢሆንም በየዓመቱ እንቆጥረዋለን።

ውድ እህቶችና ወንድሞች! ይህን ሥራ መጀመር የምትፈልጉ ከራሳችሁ ቤት ጀምሩ። በቁም ሳጥን ላይ የተረሳ ድስት፣ ልጅ ያደገበት ሹራብ፣ የማይሠራ የመሰለ ካውያ አለ። መጀመሪያ ሊሰጥ የሚገባውን ለይታችሁ ለሚገባው ስጡ፤ የቀረውን ጉድለቱን አሳይታችሁ ሽጡ። ዕቃው ከእናንተ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ በዚያም ቤት ለዓመታት ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ቀን የሚጠቀምበት ሰው እንዴት እንደሸጣችሁለት ያስታውሳል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሐላሉ በረካ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።